ስምጥ ሸለቆ በሁለት ፍራሽ

መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳውን ነው። አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ነበርና ሽታው ገና አልለቀቀም። ቀጥሎ ያየሁት ወለሉ ላይ ጎን ለጎን የተነጠፉ ሁለት ስስ የስፖንጅ ፍራሾችን ነው። ከዚያ በሩ ከኋላችን ተዘጋ።

ለእስር ቤት እንግዳ አልነበርኩም። በደርግ ጊዜ ጎንደር መምህር ሳለሁ፣ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ሰው ታሰባስባለህ ተብዬ ታስሬአለሁ። እዚያ ከብዛታችን የተነሣ ሁላችንም በአንድ ጎን ነበር የምንተኛው፤ መገላበጥ ያማረው ሰው የተኛውን ሁሉ ቀስቅሶ ነው የሚገላበጠው። ስለዚህ እዚህ እስራኤል፣ አሽቀሎን ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ያለውን ክፍል ሳይ፣ ይቅር ይበለኝና፣ "ሰፊ ነው" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ ያልኩት፤ አብረውኝ የታሰሩት አባባ ዞር ብለው አዩኝ።

"ልትከራየው ነው?" አሉ።

አባባ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ለአዲስ ገቢዎች ተንቀሳቃሽ ቤቶች በተደረደሩበት በካራቫኑ ሰፈር ጎረቤቴ ነበሩ። አገር ቤት ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቅጡ የኖሩ ባለ እጅ ናቸው፤ ክንዳቸው ገና መዶሻ የሚያነሣ ይመስላል፣ ጉልበታቸው ግን ከድቷቸዋል። ሚስታቸው አርፈዋል። በዓለም ላይ የቀረቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ እሷም አዲስ አበባ ቀርታለች። ቤተ እስራኤሎች ሁላችንም ወደዚህ በአውሮፕላን በተጫንን ጊዜ፣ ባሏ የክርስቲያን ልጅ ነው ተብሎ ከሰልፉ እንድትወጣ ተደረገ። አባባ ይህን ያወቁት ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ተቀምጦ፣ የአውሮፕላኑ በር ከተዘጋ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚያየው አፍሪዳር የሚባለው ሰፈር ያለ ቢሮ ሁለተኛ ቤታቸው ሆነ። ዕብራይስጡን ከሳቸው ቀድሜ ስለያዝኩ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። ከፋብሪካ ፈረቃዬ ስወጣ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ይጠብቁኛል፤ አብረን እንሄዳለን፤ "ሌላ ጊዜ ኑ" እንባላለን፤ አብረን እንመለሳለን። በዚያ ዓርብ ጠዋት ግን እንደሳቸው ወገን የቀረባቸው ሰዎች ተሰባስበን የቢሮው ግቢ ውስጥ ተቀመጥን። መፈክሩ ትንሽ ነበር፤ ልቅሶው ይበዛ ነበር። ፖሊስ መጥቶ ተበተኑ ሲል አብዛኛው ሰው ተነሣ። አባባ አልተነሡም።

"ሌላ ጊዜ ና አሉኝ፤ መጣሁ። ይኸው ሌላ ጊዜ ነው" አሉ።

ይህንን ተርጉሜ ስጨርስ እኔንም ይዘው አነሡኝ።

ክሳችሁ የመንግሥት ሥራ ማወክ ነው አሉን። ፖለቲካ የሚለውን ቃል ማንም አልተናገረም። እኔ ግን በሁለት አገር ታስሬአለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ጉዳይ ነው፤ ሰው ወደ ወገኑ ይሂድ በማለቴ። በአንደኛው አገር መውጣት ተከልክሎ ነበር፣ በሁለተኛው መግባት።

የሚጠብቀን ፖሊስ ጠና ያለ፣ ሆዱ ቀበቶውን የሚገፋ ሰው ነው። በልጅነቱ ከሞሮኮ የመጣ መሆኑን ገና ሳንቀመጥ ነገረን። አባባን "ሳባ" ይላቸዋል፤ አያቴ እንደ ማለት ነው። ሳባ ውሃ ጠጣ፣ ሳባ ሲጋራ ትፈልጋለህ፣ ሳባ በዚህ ዕድሜህ ለምን ራስህን ታስቸግራለህ። ዕብራይስጥ አንቱታ አያውቅም፤ እኔ ስተረጉም ከራሴ እየጨመርኩ አንቱ አስብለው ነበር። አባባ ግን ሳባ የምትለዋን ቃል ያውቋት ኖሯል።

"ይኼን የሚያህል የልጅ ልጅ የለኝም በለው" አሉኝ። እሷን አልተረጎምኳትም።

ወለሉ የተንቀሳቀሰው ቀትር ሲቃረብ ነው። መጀመሪያ ከባድ መኪና ያለፈ መሰለኝ። ከዚያ በፕላስቲኩ ኩባያ ውስጥ ያለው ውሃ ክብ ክብ እየሠራ ተርገፈገፈ፣ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው አምፖል ተወዛወዘ፣ የብረቱ በር እንደ በረደው ሰው ጥርስ ተንገጫገጨ። መተላለፊያው ላይ ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። ፖሊሱ እየሮጠ መጥቶ በሩን ከፈተና "ወደ ግቢ፣ ወደ ግቢ" ብሎን እሱው ቀድሞን ወጣ።

እሱ ደጅ ሳይደርስ መንቀጥቀጡ ቆሟል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መተላለፊያው ባዶ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የግቢው ፀሐይ ይታያል። እኔ ቆሜአለሁ። አባባ ከፍራሻቸው ንቅንቅ አላሉም።

"እንውጣ እንዴ?" አልኳቸው።

"የት?" አሉኝ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ፖሊሱ ትንሽ ቆይቶ ላቡን እየጠረገ ተመለሰ። እንደ ተቀመጥን ሲያየን ያፈረ መሰለኝ፤ በሩን ሲዘጋው ቀስ ብሎ ነው የዘጋው።

"መምህር" አሉ አባባ። ሲያከብሩኝም ሲቀልዱብኝም መምህር ነው የሚሉኝ። "ይኼ ምንድን ነው? ይኼም አገር ይንቀጠቀጣል?"

ከመጣሁ ወዲህ አንድም ሰው አስተምሬ አላውቅም። ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ነበር የማሽገው። ጂኦግራፊ ማስተማር ምን ያህል እንደናፈቀኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ፣ ሳላስበው ጉሮሮዬን ስጠርግ ነው።

"መሬት ከላይ ሲያዩዋት አንድ ወጥ ትመስላለች" አልኳቸው። "ነገር ግን ቅርፊቷ የተሰነጠቀ ነው፤ በትልልቅ ንጣፎች ተከፋፍሏል። የብሱም ባሕሩም ያረፈው በነዚያ ንጣፎች ላይ ነው። ንጣፎቹ ደግሞ ቆመው አያውቁም፤ ይሄዳሉ።"

"በምን እግራቸው?"

"ከሥራቸው ያለው አለት እጅግ የጋለ ነው። አልቀለጠም፣ ጠጣር ነው፤ ግን ከግለቱ ብዛት ቀስ ብሎ ይላወሳል። የጋለው ወደ ላይ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይወርዳል። ከላይ ያለው ንጣፍ ከዚያ ጋር አብሮ ይጓዛል።"

እዚህ ቦታ ስደርስ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይከራከሩኝ ነበር፤ ያልቀለጠ ነገር እንዴት ይላወሳል እያሉ። አባባ አልተከራከሩኝም።

"ብረት ነዋ" አሉ። "ሲግል፣ ሳይቀልጥም ይታዘዛል። ቀጥል።"

እንዲህ ያለ ተማሪ ቢሰጠኝ ጡረታ እስክወጣ ከጥቁር ሰሌዳ ባልተለየሁ ነበር። ግን ሰሌዳም ጠመኔም የለንም። ዙሪያውን አየሁና "አባባ፣ ከፍራሹ ይነሡልኝ" አልኳቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። ሁለቱን ፍራሾች ጠርዝ ለጠርዝ አገጣጠምኩና ተንበረከክሁ።

"ይኼ አንዱ ንጣፍ ነው፣ ይኼ ሌላው። እስቲ በዚያ በኩል ይግፉልኝ።"

አባባ በአንድ ጉልበታቸው ተንበርክከው ገፉ፤ እኔም ከዚህ ገፋሁ። የሁለቱ ጠርዝ ተጣጥፎ መካከል ላይ ወደ ላይ ተነሣ።

"ሁለት ንጣፎች ሲገፋፉ እንዲህ ነው ተራራ የሚወጣው። የህንድ ምድር ከሩቅ ተጉዞ መጥቶ እስያን ሲገፋ በዓለም ላይ አቻ የሌለው ተራራ አወጣ። አንዳንዴ ደግሞ አንዱ ከሌላው ሥር ሾልኮ ይገባና ተመልሶ ወደ ግለቱ ይሰምጣል።"

"ራስ ዳሸንም በግፊያ ነው የወጣ?"

"እሱ ሌላ ነው። ከውስጥ የፈነዳ እሳት ነው፤ ኋላ ቀዝቅዞ አለት የሆነ።"

"እኔም ብዬ ነበር" አሉ፤ ከማን ጋር እንደ ተከራከሩበት አልነገሩኝም።

ቀጥዬ ፍራሾቹን አራራቅኋቸው። በመካከል ባዶው ሲሚንቶ ታየ። "ሲለያዩ ደግሞ ክፍተቱን ከሥር የሚወጣ አዲስ አለት ይሞላዋል። መሬቱ ይሰምጣል፤ ውሃ ሲገባበት ባሕር ይሆናል። ቀይ ባሕር የተወለደው እንዲህ ነው። አፋር ምድር ላይ ሦስት ስንጥቆች ይገናኛሉ፤ አንዱ ቀይ ባሕር ነው፣ አንዱ የኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ አንዱ ደግሞ አገራችንን ለሁለት ከፍሎ ወደ ደቡብ የሚወርደው ስምጥ ሸለቆ።"

ሦስተኛውን ላሳያቸው ፍራሾቹን መልሼ አገጣጠምኩና አንደኛውን በሌላው ጎን እያሻሸሁ ወደ በሩ ገፋሁት። "ይኼ ደግሞ መተላለፍ ነው። ከቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከኤይላት ተነሥቶ በሙት ባሕር በኩል ወደ ሰሜን የሚሄደው ስንጥቅ እንደዚህ ነው። ከወዲያ ማዶ ያለው የዓረቢያ ንጣፍ ወደ ሰሜን ይጓዛል። ጠርዙ ሸካራ ስለሆነ ይያዛል፤ ተይዞ ቆይቶ በድንገት ሲለቀው ምድር ይንቀጠቀጣል። ቅድም የተሰማን እሱ ይሆናል።"

ቀና ስል ፖሊሱ በበሩ መስኮት ያየናል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተንበርክከው ፍራሽ ይገፋሉ።

"ምን ጠፍቷችሁ ነው?" አለ።

"ጂኦግራፊ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፤ ግን አልሄደም።

አባባ ፍጥነቱን ጠየቁኝ። ጥፍር በሚያድግበት ፍጥነት ቢሆን ነው፣ ይኼኛው እንዲያውም ከዚያ ይዘገያል አልኳቸው። የእጃቸውን ጥፍር አዩ፤ የብረቱ ጥላሸት ባሕር ተሻግሮም አልለቀቀውም። በዕድሜዬ ምን ያህል ተጉዟል አሉ። የዚህን ክፍል ወርድ ያህል እንኳ ላይሞላ ይችላል አልኩ። አንድ እጃቸውን በአንደኛው ፍራሽ፣ ሌላውን በሁለተኛው ላይ አሳረፉ።

"ልጄ በየትኛው ላይ ናት?" አሉ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

"እኔ እዚህ ነኝ" አሉ አንዱን ፍራሽ መታ አድርገው። "እሷ አዲስ አበባ ናት። እነሱ ሌላ ጊዜ ሲሉኝ፣ መሬቱም ከሥሬ እየሄደ በየዓመቱ ትርቀኛለች ማለት ነው?"

በማስተማር ዘመኔ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄአለሁ። እንደዚያኛው የፈራሁት ግን የለም። ካርታውን በሐሳቤ ዘርግቼ ከአፋር ተነሣሁ፣ በቀይ ባሕር ወጣሁ፣ በሙት ባሕር በኩል አለፍኩ፤ እንዳልሳሳት ብዬ አንድ ጊዜ ደግሜ ሄድኩበት።

"አሽቀሎን ከስንጥቁ በስተምዕራብ ናት" አልኳቸው በመጨረሻ። "ጎንደርም አዲስ አበባም ከስምጥ ሸለቆው በስተምዕራብ ናቸው። ሁሉም የአፍሪካ ወገን ነው። እዚህ እኛ ያለንባት ጠርዝ ትንሽ ላላ ያለች ቁራሽ ናት የሚሉም አሉ፤ ቢሆንም ከዚያው ናት። ከልጅዎ ጋር ባንድ ፍራሽ ላይ ናችሁ፣ አባባ።"

"አዲስ አበባም?"

"ከሸለቆው አፋፍ ላይ ናት፤ ግን በእኛ በኩል።"

"አፋፍ ላይ? አትወድቅብኝም?"

"አትወድቅም።"

የተጨማደደውን ፍራሽ በመዳፋቸው አስተካከሉ፤ የሕፃን መኝታ የሚያነጥፉ ይመስሉ ነበር።

"እንግዲያ መሬት አይደለም የለየን።"

"አይደለም።"

"ባሕሩም አይደለም።"

"አይደለም።"

"ሰው ነው።"

"ሰው ነው፣ አባባ።"

"ሰው ከሆነማ ይለመናል" አሉ። "መሬት ነው ብትለኝ ኖሮ ምን አደርግ ነበር?" ፊታቸው ከጠዋት ጀምሮ እንዲያ በርቶ አላየሁትም። በጣም ነው የወደድኳቸው በዚያች ሰዓት። አቅፌ ልስማቸው አምሮኝ፣ ፖሊሱ ያየኛል ብዬ ተውኩት።

ፖሊሱ ከምሳ በኋላ በሩን ከፍቶ ገባ። በእጁ አንድ ወረቀት ይዟል። ወደዚያ ቢሮ ግቢ ዳግመኛ አንመጣም ብለን ከፈረምን ይለቁናል፤ ካልፈረምን ዳኛ ፊት እስክንቀርብ፣ እዚህ አገር የሥራ ሳምንት እስከሚጀምርበት እስከ እሑድ እንቆያለን፣ ዳኛው ደግሞ ምን እንደሚል አይታወቅም። "ሳባ፣ ፈርምና ሌኽ ሀባይታ" አላቸው፤ ወደ ቤትህ ሂድ ማለቱ ነው። "ሻባት ቤትህ ይግባልህ።"

አባባ ፊታቸውንና ክንዳቸውን በቧንቧው ውሃ ታጥበው፣ እጀጌያቸውን እንደ ሰበሰቡ ነበሩ። ወረቀቱን አዩት፤ እጃቸውን አልዘረጉም።

"ሰንበት ገብቷል በለው" አሉኝ።

ፖሊሱ ሰዓቱን አየ፤ ቀጥሎ መስኮቱን አየ። ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ናት። የሚቀልዱበት መሰለው። ስለዚህ አስረዳሁት። በእኛ መንደር ዓርብ ቀትር ካለፈ እጅ ሥራ አይነካም ነበር። ባለ እጁ መዶሻውን ያስቀምጣል፤ ሰው ሁሉ ወንዝ ወርዶ ገላውንና ልብሱን ያጥባል፤ ነጭ ለብሶ ሰንበትን የሚቀበላት ገና በሩቅ ስትመጣ ነው። አባባ እዚህ መጥተውም አልተዉትም። ፖሊሱ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረገና ወረቀቱን ደረቱ ላይ ያዘ። የናቱ እናት ሐሙስ ማታ ጀምራ ነበር ቤቱን የምትጠርገው አለኝ።

"እንግዲህ እንዲህ እናድርግ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ስለ ሻባት ብሎ አልፈረመም እላለሁ። ማንም አይናገረኝም። በሰንበት መኪና ስለማይሳፈር በእግሩ ቤቱ ይሂድ፤ እሑድ መጥቶ ይፈርማል። አንተም እንዲሁ።"

ደስ ብሎኝ በጥድፊያ ተረጎምኩ። ካራቫኑ በእግርም ቢሆን ይደረሳል። አባባ በዕድሜያቸው ሰንበትን ከጸሎት ቤት ተለይተው ውለው አያውቁም፤ የሚጠበቅባቸው ራስ መነቅነቅ ብቻ ነው።

"እሑድ እፈርማለሁ ብሎ ነው የሚያስበው?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ደግ ሰው ነው። ደግ ሰው አይታለልም። ሰንበትንም ማመካኛ አላደርጋትም። ዛሬ ሰኞም ቢሆን አልፈርምም ነበር፤ እሑድም አልፈርምም በለው። ምንም ሳታስቀር ንገረው።"

ምንም ሳላስቀር ነገርኩት። ፖሊሱ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሳባ፣ አትሞኝ፣ ዳኛው ሊቆጣ ይችላል አላቸው።

"ልጅ አለህ?" አሉት አባባ በእኔ በኩል።

"ሴት ልጅ አለችኝ። ቤርሳቤህ ከተማ ትማራለች።"

"ትጠይቃታለህ?"

"በየሳምንቱ።"

"እንዳትጠይቃት ፈርም ቢሉህስ?"

ፖሊሱ ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተ። ወደ እኔ ዞሮ "አንተስ?" አለ።

"እኔ አስተርጓሚ ነኝ" አልኩት። "እሳቸው እዚህ ካሉ የት እሄዳለሁ?"

ወጥቶ ሄደ። ተቀየመን ብዬ ነበር። ፈረቃውን ሳይጨርስ ግን አንድ የታጠበ ነጭ አንሶላና የሰንበት ዳቦ ይዞ መጣ። አንሶላውን ለአባባ ሰጣቸው። አባባ ዘርግተው አዩት፣ እንደ ጋቢ ተከናነቡት፣ ወደ ኢየሩሳሌም በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁትና በግዕዝ ጸሎታቸውን ጀመሩ። ፖሊሱ ኮፍያውን አስተካክሎ እስኪጨርሱ በሩ ላይ ቆመ። ሻባት ሻሎም፣ የሰላም ሰንበት ይሁንላችሁ ብሎን ሲሄድ አባባ በዓይናቸው ሸኙት።

"አሁን የልጅ ልጄ ይሁን" አሉኝ። "ስታገኘው ንገረው።"

እሑድ ዳኛው ፊት ቆመው ያንኑ ተናገሩ፤ አባቷ ነኝ፣ እኔ ካልጠየቅሁ ማን ይጠይቃል አሉ። ዳኛው ገሥጾ ለቀቀን። ደጅ ስንወጣ እኔ ወደ ካራቫኑ የሚሄደውን አውቶቡስ ልይዝ ዞርኩ። አባባ መንገዱን ተሻግረው በወዲያኛው ማቆሚያ ቆሙ። ወደ አፍሪዳር፣ ወደዚያው ቢሮ የሚሄደው ነው። ተከትያቸው ሄድኩ እንጂ ምን አደርጋለሁ።

ልጃቸው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከባሏ ጋር መጣች። እኛ ተቀምጠን ነው ያመጣናት ብዬ አልዋሽም፤ የብዙ ሰው ልመናና የመንግሥት ሐሳብ መለወጥ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ስንጠብቃት አባባ እጄን ያዙኝ። "ስለ እስሩ እንዳትነግራት። ገና ስትገባ ዕዳ አላሸክማትም" አሉኝ። እሷና ባሏ ሚግዳል በሚባለው የከተማችን ሰፈር ቤት ያዙ። ነገረኛ ናት፤ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር "አባዬ እኮ እዚህ ተመችቶት ረስቶኝ ነበር" ትላለች። እሳቸው ይስቃሉ። "አዎ፣ ረስቼሽ ነበር" ይላሉ። እኔ ምላሴን እነክሳለሁ።

አባባ ያረፉ ጊዜ፣ የሐዘኑ ሰው ሳስቶ ሦስት አራት ሆነን ስንቀር፣ ያንኑ ነገር ደገመችው። አሁን ግን ቀልድ አልነበረበትም። "አንድ ነገር ብቻ ቅር ይለኛል" አለች። "ያን ጊዜ ትንሽ ጠንከር ብሎ ቢጠይቅልኝ ምን ነበረበት?"

በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን ጠብቄአለሁ። ከሞቱ በኋላ ግን በገዛ ልጃቸው ዘንድ ሰነፍ ሆነው እንዲቀሩ አልፈቀድኩም። ከጠዋቱ ጀምሬ፣ ፍራሹንም ሰንበቱንም ሳላስቀር፣ አሁን እንደጻፍኩት ነገርኳት። አላለቀሰችም። ሐዘኑ ሲያልቅ ቦታውን አሳየኝ አለችኝ።

ቢሮው አሁን የለም፤ በቦታው የመነጽር መሸጫ ገብቷል። ግቢው ግን ያው ነው። አባቷ የተቀመጡበት ጥግ የቱ እንደሆነ አሳየኋት። የለበሰችው ደህና ልብስ ነበር፤ እንደ ለበሰችው መሬት ላይ ተቀመጠች። የሕንፃው ጠባቂ መጥቶ ምን እንደምትጠብቅ ጠየቃት። ከእኔ በተሻለ ዕብራይስጥ "ምንም። አባቴ እዚህ ነበር የሚጠይቅልኝ" አለችው።

ወንበር ላምጣልሽ አላት። አያስፈልግም አለችው።